ደም መጣጩ ቤት ሲገዛ፤ ስለ አንድ ፊልምና ስለ ውክልና

ፊልም ዓይተን ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ተዋናዮቹ ችሎታ፣ ስለ ሙዚቃውና ስለ ታሪኩ ፍጻሜ ነው። በታሪኩ ውስጥ ማን እንደ ተናገረና ማን ዝም እንዲል እንደ ተደረገ፣ ማን እንደ ታመነና ማን እንደ ተጠረጠረ፣ አደጋውም በማን ደጃፍ እንደ ወደቀ ግን እምብዛም አንጠያየቅም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን አንድ ለጨዋታ ብቻ የተሠራ የሚመስል ፊልም ልንመረምር አስበናል። ፊልሙ በ2020 የወጣው «ቫምፓየርስ ቨርሰስ ዘ ብሮንክስ» ነው፤ በአማርኛ «ደም መጣጮች ከብሮንክስ ጋር ሲፋለሙ» ብንለው ያስኬዳል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ስለ ደም መጣጭና ስለ ቀልድ ለመጻፍ ወረቀትና ቀለም ማባከን ምን ይጠቅማል?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሰው በቁም ነገር ንግግሩ ይጠነቀቃል፤ በተረቱና በቀልዱ ግን አይጠነቀቅም። ስለዚህ አንድ ኅብረተሰብ ማንን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚንቅ፣ ለማንስ እንደሚያዝን ከአዋጁ ይልቅ ከተረቱ ይታወቃል።

ወደ ፊልሙ ከመግባታችን በፊት «ውክልና» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንናገር። ቃሉን ሁላችንም ከፍርድ ቤት እናውቀዋለን። ውክልና የተቀበለ ሰው በሰጪው ስም ቆሞ ይናገራል፤ ይፈርማል፤ ቢያጠፋም ዕዳው ለሰጪው ይተርፋል። በፊልምም እንዲሁ ነው። አንድ ጥቁር፣ አንድ ስደተኛ ወይም አንዲት ሴት በሲኒማው መጋረጃ ላይ ሲታዩ፣ ወደድንም ጠላንም፣ በውጭ ላሉት መሰሎቻቸው ሁሉ እንደ ወኪል ይቆጠራሉ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የፍርድ ቤቱን ወኪል ባለጉዳዩ ራሱ ይመርጠዋል፤ የፊልሙን ወኪል ግን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው። የጽሑፋችን ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። በአንድ ፊልም ውስጥ ስንት ጥቁር፣ ስንት ነጭ፣ ስንት ሴት እንዳለ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ወኪሉ ምን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደሚያምነው፣ በመጨረሻም በስማችን ምን እንደሚፈርም መጠየቅ ይገባናል።

1. የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ

ታሪኩ የሚፈጸመው ከኒውዮርክ ከተማ አምስት ታላላቅ ክፍሎች አንዱ በሆነው በብሮንክስ ነው። ዲሬክተሩ ኦዝ ሮድሪጌዝ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የተወለደ ነው፤ ድርሰቱንም የጻፈው ከብሌዝ ሄሚንግዌይ ጋር ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በኔትፍሊክስ በኩል በጥቅምት ወር መጀመሪያ 2020 ነበር።

ሲጀምር ቤኪ የምትባል የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ባለቤት ሱቋን «መርናው ፕሮፐርቲስ» ለሚባል ቤትና መሬት ገዢ ኩባንያ ስትሸጥ እናያለን። እርስዋን ሆና የምትጫወተው ዝነኛዋ ዞዊ ሳልዳንያ ናት። ውሉን ፈርማ ወደ ተሻለ ሠፈር እሄዳለሁ ስትል ወዲያው በደም መጣጭ ትገደላለች። ከዚያ በኋላ በሠፈሩ ሱቆች አንድ በአንድ ይሸጣሉ፤ ሰዎችም ይጠፋሉ። ጎረቤቱ ግን «ሸጠው ሄደው ነው» እያለ ያልፈዋል።

ነገሩን የሚደርሱበት ሦስት ልጆች ናቸው። ሚጌል ለሠፈሩ ጉዳይ ሁሉ የሚሯሯጥ በመሆኑ «ትንሹ ከንቲባ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ የቶኒ የተባለው ሰው ሱቅ እንዳይዘጋ የሠፈር ድግስ አዘጋጅቶ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይደክማል። ቦቢ የሠፈሩ ወሮበሎች ወደ እነርሱ ሊስቡት የሚሞክሩት ልጅ ነው። ሉዊስ ደግሞ መጽሐፍ የሚወድና ስለ ደም መጣጮች ብዙ ያነበበ ነው። ሚጌል ደም መጣጭ ሰው ሲገድል በዓይኑ ያያል፤ ለትልልቆችም ለፖሊስም ቢናገር ግን የሚያምነው አያገኝም። በመጨረሻ ልጆቹ ነጭ ሽንኩርት፣ የተባረከ ውሃና የእንጨት ችካል ይዘው ራሳቸው ይነሣሉ። ቪቪያን የምትባለው፣ አዲስ መጥታ ለሚጌል ደግነት ታሳየው የነበረች ነጭ ሴት፣ የደም መጣጮቹ አለቃ ሆና ትገኛለች። ቶኒም ይገደላል። ነገር ግን ሠፈርተኛው አንድ ላይ ወደ ጎዳናው ወጥቶ ከልጆቹ ጎን ይቆማል፤ ቪቪያንም ትሸነፋለች።

ታሪኩ ይኸው ነው። ያልተለመደ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ያልተለመደው ደም መጣጩ የመጣበት አቅጣጫ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልገናል።

2. ደም መጣጩ ከወዴት መጣ?

ከመቃብር ተነሥቶ የሰው ደም የሚመጥ ፍጡር በምሥራቅ አውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መልክ እንዲይዝ ያደረገው ግን በ1819 የታተመው የጆን ፖሊዶሪ ድርሰት ነው። ፖሊዶሪ የባለቅኔው የሎርድ ባይረን ሐኪም ነበረ፤ ደም መጣጩንም የሣለው እንደ ገጠር ሬሳ ሳይሆን በሎንዶን መኳንንት ግብዣ ላይ እንደሚታይ ጌታ አድርጎ ነው። እንግዲህ በዚህ ድርሰት ደም መጣጩ ባለሀብትና ባለማዕርግ ነው፤ ከውጭ የመጣ ባዕድ አይደለም። ካርል ማርክስም በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ የሠራተኛውን ጉልበት እየሳበ የሚደልበውን ሀብት ከደም መጣጭ ጋር አመሳስሎታል።

በ1897 ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ሲያሳትም ነገሩ ተለወጠ። ድራኩላ ከትራንሲልቫንያ ወደ ሎንዶን የሚገባ መጤ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር ይህ ታላቅ የፍርሃት ታሪክ የሚጀምረው በቤት ግዢ መሆኑን ነው። ጆናታን ሃርከር የተባለው ወጣት የሕግ ሰው ወደ ድራኩላ ግንብ የሚጓዘው በእንግሊዝ አገር ካርፋክስ የሚባለውን ይዞታ ለማዋዋል ነው። ድራኩላም በሎንዶን ጎዳና ሲሄድ እንግዳነቱ እንዳይታወቅበት እንግሊዝኛውን ያጠናል፤ የአገሩንም ልማድ ከመጻሕፍት ይማራል። ከዚያ 50 ሣጥን የአገሩን አፈር አስጭኖ ባሕር ይሻገራል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች በዚህ ውስጥ የአንድ ቅኝ ገዢ መንግሥት ሥጋት አይተውበታል፤ የሰውን አገር ሲወርር የኖረ ሕዝብ አንድ ቀን እኔም እወረር ይሆናል ብሎ ይፈራልና።

በ1922 ጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ቪልሄልም ሙርናው ይህንኑ ታሪክ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ «ኖስፌራቱ» ብሎ በፊልም አወጣው። እዚያም ቤት አሻሻጭ አለ፤ እዚያም ወጣቱ ተልኮ ሄዶ ያዋውላል። ደም መጣጩ ከነአይጦቹ ወረርሽኝ ይዞ ወደ ሰላማዊቱ ከተማ ይገባል። የዚህ ፍጡር መልክ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ስለ አይሁድ ይሠራጭ የነበረውን ክፉ ሥዕል ይመስላል ብለው የተቹ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ብሮንክስ ፊልም እንመለስና ስሞቹን እንመልከት። ገዢው ኩባንያ የተሰየመው በዲሬክተሩ በሙርናው ነው፤ ስሙ በአሜሪካኖች አፍ «መርናው» ሆነ እንጂ ሰውዬው ያው ነው። ውል እያስፈረመ የሚዞረው ነጭ ወኪል ደግሞ ፍራንክ ፖሊዶሪ ይባላል። ዐዋቂ ተመልካች ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ስሞቹ የተሰጡት ለፈገግታ ብቻ አይደለም። ፊልሙ ደም መጣጩን ከስቶከር መጤ ወደ ፖሊዶሪ ባለሀብት መልሶ ወስዶታል። በ1897 የሚፈራው ስደተኛው ነበር፤ ባለቤቱ ነጭ እንግሊዛዊ ነበር። በ2020 ባለቤቱ ስደተኛውና የስደተኛው ልጅ ነው፤ የሚፈራው ቦርሳ ሙሉ ገንዘብ ይዞ የመጣው ነጭ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በስቶከር ልብ ወለድ እንደ ተጻፈው ደም መጣጭ መጀመሪያ ከቤቱ ሰው አንዱ ግባ ካላለው በቀር ወደ ቤት ሊገባ አይችልም። እኛ ይህን ፊልም ስናይ የሚመስለን የሽያጩ ውል ራሱ ያ «ግባ» የሚለው ቃል እንደ ሆነ ነው። ቤኪን ማንም አላስገደዳትም፤ በገዛ እጅዋ ፈረመች። የዚህ ዓይነቱን አደጋ አስፈሪ የሚያደርገውም በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ራሱ መሆኑ ነው።

3. ከዚህ በፊት የነበሩ ጥቁር ደም መጣጮች

ጥቁር ሕዝብ በደም መጣጭ ፊልም ውስጥ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1972 «ብላኩላ» የተባለ ፊልም ወጣ፤ ዲሬክተሩ ዊልያም ክሬን ጥቁር ነበረ። በዚያ ፊልም ማሙዋልዴ የሚባል የአፍሪካ ልዑል በ1780 ወደ ትራንሲልቫንያ ሄዶ የባሪያ ንግድ እንዲቆም ድራኩላን ርዳታ ይጠይቀዋል። ድራኩላ ይሳለቅበታል፤ ነክሶም ደም መጣጭ ያደርገዋል፤ «ብላኩላ» የሚለውንም ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ማርሻል በሼክስፒር ትያትሮች የታወቀ ተዋናይ ነበረ፤ ገጸ ባሕርዩ መሳቂያ እንዳይሆን፣ ክብርና ታሪክ ያለው የአፍሪካ ልዑል እንዲሆን ተከራክሮ ያስለወጠው እርሱ መሆኑ ይነገርለታል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ጥቁር መኖሩን የወሰነው ኩባንያው ነው፤ ያ ጥቁር ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የታገለው ግን ተዋናዩ ራሱ ነው።

ሆኖም ይኸው ፊልም ለልዑሉ የሰጠውን ክብር ለሌሎች ነፍጓቸዋል። ሣጥኑን ገዝተው ወደ ሎስ አንጀለስ የሚያመጡት ሁለት ቤት አስጌጦች ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው፤ ለሣቅ ብቻ ቀርበው ወዲያው ይሞታሉ። በአንድ በኩል የተበደለን ወገን ማንሣት በሌላ በኩል ሌላውን ከመርገጥ አያድንም ማለት ነው።

በ1995 ዌስ ክሬቨን ያዘጋጀውና ኤዲ መርፊ ዋና ተዋናይ የሆነበት «ቫምፓየር ኢን ብሩክሊን» ወጣ። ከካሪብ ባሕር ደሴት የመጣ ደም መጣጭ በኒውዮርክ ከተማ አንዲት ሴት ፖሊስ ሲፈልግ ያሳያል፤ አንጀላ ባሴት ሴቲቱን ትጫወታለች። አስፈሪነትና ቀልድ ተደባልቀውበታል፤ ጥቁሮችም ዋናውን ቦታ ይዘዋል። ነገር ግን አደጋው አሁንም ከውጭ በመርከብ የመጣ ባዕድ ነው። መልኩ ተለወጠ እንጂ የስቶከር አሮጌ ሐሳብ አልተለወጠም። በ1998 ደግሞ ዌስሊ ስናይፕስ የተጫወተው «ብሌድ» መጣ። እዚህ ጥቁሩ አዳኝ ነው፤ ኃይለኛ ነው፤ ግን ብቻውን ነው፤ ሠፈርም ጎረቤትም የለውም።

የብሮንክስ ልጆች «ብሌድ»ን እንደ መማሪያ መጽሐፍ አድርገው ይመለከቱታል። ከእርሱ ዘዴውን ይማራሉ፤ ብቸኝነቱን ግን አይወርሱም። በኛ አስተያየት የፊልሙ ብልኅነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ«ብላኩላ» ክብርን፣ ከ«ብሌድ» ድፍረትን ወስዶ በሁለቱም ያልነበረውን ጎረቤት ጨመረበት።

4. ለምን ብሮንክስ?

ፊልሙ ታሪኩን በማንኛውም ሠፈር ማስቀመጥ ይችል ነበር። ብሮንክስ የተመረጠበት ምክንያት ግን አለው፤ ይህን የማያውቅ ተመልካች ግማሹን ያጣል።

በ1930ዎቹ ዓመቶች የአሜሪካ መንግሥት የቤት ብድር መሥሪያ ቤት የየከተማውን ሠፈሮች በካርታ ላይ በቀለም ሲለይ ጥቁሮችና ስደተኞች የሚበዙባቸውን ሠፈሮች በቀይ ቀባቸው። ቀይ ማለት ብድር ቢሰጥ ይጠፋል ማለት ነበረ። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ በሮበርት ሞዘስ ዕቅድ መሠረት ታላቅ የመኪና መንገድ ብሮንክስን መካከል ለመካከል ቆርጦ እንዲያልፍ ሲደረግ በሺሕ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች ከቤታቸው ተነሡ። በ1970ዎቹ ደቡብ ብሮንክስ በእሳት ነደደ። ለዚህም ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ከተማው የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ዘጋ፤ አከራዮች ቤቶቻቸውን ማደስ ተዉ፤ አንዳንዶቹም የኢንሹራንስ ገንዘብ ለማግኘት ሕንፃቸውን አስቃጠሉ። በ1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በሻርሎት ጎዳና ፍርስራሽ መካከል ቆሞ ታየ። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በነሐሴ 1973፣ በዚያው በብሮንክስ በሴጅዊክ ጎዳና በአንድ ሕንፃ ግብዣ ላይ ዛሬ ዓለም ሂፕሆፕ የሚለው ሙዚቃ እንደ ተወለደ ይነገራል።

ስለዚህ ብሮንክስ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ማንም የማይፈልገው ሠፈር ሆኖ ኖረ። የቀሩት ሰዎች ሱቅ ከፈቱ፤ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፤ ልጅ አሳደጉ፤ ሠፈሩን መልሰው ሠፈር አደረጉት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቡ ቁጥር ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበረ፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ከላቲን አሜሪካና ከካሪብ አገሮች የሚወለድ እስፓንኛ ተናጋሪ ወገን ነው። ሠፈሩ ከተቃና በኋላ ነው እንግዲህ ገዢው የሚመጣው። ይህን ዓይነት ለውጥ፣ ማለት ባለገንዘብ ወደ ድኻ ሠፈር ሲገባና ኪራይ ሲንር ነባሩ ነዋሪ የሚለቅበትን ሁኔታ፣ በ1964 ሩት ግላስ የተባለች የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በሎንዶን አጥንታ በእንግሊዝኛ ስም አውጥታለታለች።

ፊልሙ ይህን ሁሉ ታሪክ በንግግር አይተርክም። ደም መጣጮቹ ብሮንክስን የመረጡት ሰው ቢጠፋ ማንም ግድ የማይለው ቦታ ስለ ሆነ መሆኑን ያመለክታል። በእኛ አስተያየት የፊልሙ እጅግ አስፈሪ ነገር ጥርሱም ደሙም ሳይሆን ይህ ነው። አዳኙ የሚያድነው ደካማውን ፈልጎ አይደለም፤ ጠያቂ የሌለውን ፈልጎ ነው። ሚጌል ደግሞ ሥራው መጠየቅ ነው፤ ማስታወቂያ እየለጠፈ፣ በየበሩ እያንኳኳ፣ የእያንዳንዱን ሱቅ ባለቤት በስሙ እየጠራ የሚዞር ልጅ ነው። ስለዚህ ከደም መጣጩ ጋር የሚጋጨው ችካል ከመያዙ በፊት ነው።

5. ሦስት ጥያቄዎች

በመጀመሪያ ያልነውን መለኪያ አሁን በፊልሙ ላይ እናውል።

ሀ. ማን ያውቃል? በብዙ አስፈሪ ፊልሞች ዐዋቂው ከሩቅ የሚመጣ ነጭ ሊቅ ነው፤ በ«ድራኩላ» ውስጥ ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግ እንደዚያ ነው። በዚህ ፊልም ፕሮፌሰር የለም። ዕውቀቱ ያለው በሠፈሩ ውስጥ ተበታትኖ ነው፤ ሉዊስ ከመጽሐፍ ያነበበው አለ፤ የሱቁ ባለቤት ቶኒ ከፊልም ያየው አለ፤ ሪታ የምትባለው የሃይቲ ተወላጅ ልጅ ከአያትዋ የሰማችው አለ፤ ቄሱም የበኩላቸው አላቸው። የአያትዋ ወሬ የኋላ ቀር እምነት ተብሎ አልተናቀም። ዶሚኒካኑ፣ ፖርቶሪኮው፣ ሃይቲውና ጥቁር አሜሪካዊው በአንድ ሠፈር አሉ፤ ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደለም። የሰዎች ልዩነት ጥቅም የሚሰጠው እንዲህ እያንዳንዱ ሌላው የሌለውን ዕውቀት ይዞ ሲመጣ እንጂ ለፎቶግራፍ ሲደረደሩ አይደለም።

ለ. ማን ይታመናል? ሚጌል ያየውን ይናገራል፤ አይታመንም። በደም መጣጭ ታሪክ ሁሉ የማይታመን ምስክር ስላለ ይህ ለዐይነቱ አዲስ አይደለም። እዚህ ግን ያለመታመኑ ምክንያት ሌላ ነው። ልጁ ጥቁር የላቲን ዘር ነው፤ ሠፈሩ ደግሞ ወንጀል የበዛበት ነው የሚባል ነው፤ የጠፋው ሰው ወሮበላ ነው ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ቪቪያን በአንጻሩ ገና በመጣች ማግስት ትታመናለች፤ ንጹሕ ትመስላለችና። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፣ እንዲህ ዓይነት ሠፈር ያደገ ተመልካች ይህን ትዕይንት ለማመን ደም መጣጭ መኖሩን ማመን አያስፈልገውም።

ሐ. በማን ይሣቃል? ቀልድ መንገድ ያስፈልገዋል፤ በሰው መሣቅና ከሰው ጋር መሣቅ የተለያዩ ናቸው። የቆየው የሆሊውድ ልማድ ጥቁሩን ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ከጥላው የሚሸሽ ፈሪ አድርጎ ማሣቅ ነበር። በብሮንክስ ፊልም ልጆቹ ይፈራሉ፤ ይጮኻሉ፤ ይሮጣሉ፤ ግን ቀልዱን የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ነጮች የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥለው በሠፈሩ መታየት ከጀመሩ ነገሩ አበቃለት የሚል ፌዝ አለ። ቀልዱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ዓይን የማን እንደ ሆነ ይነግረናል። በብዙ ፊልሞች እንግዳው ወደ ሠፈሩ ገብቶ ነዋሪውን ያየዋል፤ እዚህ ነዋሪው በሱቁ ደጃፍ ቆሞ እንግዳውን ያየዋል።

6. የፊልሙ ጉድለቶች

አንድን ሥራ ወደድነው ብለን ጉድለቱን ብንሸፍን ጥናት ሳይሆን ሙገሳ ይሆንብናል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ ሴቶቹ ዳር ላይ ናቸው። በፊልሙ የመጀመሪያዋ ሟች የላቲን ዘር ያላት ጥቁር ሴት ናት፤ ዋናዋም ክፉ ሴት ናት። ሪታ ከሦስቱ ልጆች የማታንስ ዐዋቂና ደፋር ሆና ሳለ ብዙውን ጊዜ የምትታየው ሚጌል በሚመኛት ዓይን ነው። ስልክዋን ይዛ የሠፈሩን ወሬ ለሕዝብ የምታስተላልፈው ግሎሪያም ታሪኩን ትነግረናለች እንጂ ታሪኩን አታንቀሳቅስም። «ማን ያውቃል?» የሚለውን ፈተና ያለፈች ሴት «ማን ይወስናል?» በሚለው ወድቃ ትገኛለች።

ሁለተኛ፣ ክፋቱ ሁሉ ከውጭ ይመጣል ማለት ይቀላል። ፊልሙ ከሠፈሩ ልጆች መካከል የሚሳሳቱ መኖራቸውን ያሳያል፤ ሆኖም ሻጭ ለምን እንደሚሸጥ ጠልቆ አይጠይቅም። ቤኪ ከሠፈሩ መውጣት ስለ ፈለገች ሞተች። እንግዲህ የተሻለ ኑሮ መመኘት በሞት የሚያስቀጣ ኃጢአት ነው ወይ? ድኻ ሰው ሀብቱን በዋጋው የመሸጥ መብት አለው፤ ጥያቄው ሌላ አማራጭ ነበረው ወይ የሚለው ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ደም መጣጭ ልብ አለው፤ ልቡን ቢወጉት ይሞታል። የንብረት ሕግ፣ የብድር ወለድና የኪራይ ውል ግን ልብ የላቸውም። ሕዝቡ ጎዳና ላይ ወጥቶ ቪቪያንን ካሸነፈ በኋላ የተሸጡት ሱቆች ለማን እንደሚመለሱ ፊልሙ አይነግረንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንበሳው ከታሰረ በኋላ ጫካው የማን እንደ ሆነ መዝገቡን ማየት ያሻል። ይህ የፊልሙ ብቻ ሳይሆን የአስፈሪ ታሪክ ዐይነቱ ሁሉ ድካም ነው፤ የብዙ ሰው ሥራ የሆነውን በደል በአንድ አካል ላይ አስሮ ያቀርበዋል። ፍርሃቱን ለማሳየት ይጠቅማል፤ መድኃኒቱን ለማሳየት ግን አይበቃም።

7. ጥያቄውን ወደ ራሳችን ስናዞረው

ስለ ሩቅ አገር ተረት ስንነጋገር የራሳችንን ተረት ብንረሳ ትዝብት ነው። እኛም ሰው ይበላል የምንለው ፍጡር አለን። ቡዳ በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ይህ ስም በብዛት የተለጠፈው በማን ላይ ነበረ? ማረሻውን በሚቀጠቅጠው፣ እንስራውን በምትሠራዋ፣ ቆዳውን በሚያለፋው ላይ ነበረ። በሰሜን አገራችን ቤተ እስራኤሎች ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍገው በብረትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ ይኸው ስም ይከተላቸው ነበረ። ርስተኛው ያለ እነርሱ ማረሻ አያርስም፤ ያለ እነርሱ ድስት አይበላም፤ ሆኖም ልጁ ሲታመም በላተኛው እነርሱ ነበሩ።

እንግዲህ የስቶከር ሎንዶንና የኛ ገጠር በአንድ ነገር ይገናኛሉ። በሁለቱም ተረቱን የሚናገረው መሬት ያለው ነው፤ ጭራቅ የሚባለው መሬት የሌለው ወይም መሬት ሊይዝ የመጣው ነው። የብሮንክስ ፊልም ያደረገው ነገር ቢኖር አፉን ለሌላው ወገን መስጠት ነው፤ የሚነቀለው ሰው ቆሞ «በላተኛውስ አንተ ነህ» አለ። በ2025 የወጣውና በ1932 ሚሲሲፒ ውስጥ የሚፈጸመው የራያን ኩግለር «ሲነርስ» የተባለው ፊልምም፣ ምንም ቀልድ ባይሆን፣ በዚሁ መንገድ ተራምዷል።

ከዚህ በኋላ ፊልም ስናይም ሆነ ታሪክ ስንጽፍ የፊቶቹን ቀለም ቆጥረን አንረካ። በእኛ ስም የቆመው ወኪል ምን ያውቃል፣ ማን ያምነዋል፣ ምንስ ይፈርማል ብለን እንጠይቅ። ታሪክ የምንጽፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለብን፤ ጭራቅ አድርገን ያቀረብነው ሰው መልስ የመስጠት ዕድል አግኝቶ ነበር ወይ?

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ብላኩላ»ና የብሮንክስ ፊልም ሁለቱም ጥቁሮችን ዋና ያደርጋሉ። በአንደኛው ጥቁሩ ደም መጣጭ ነው፤ በሁለተኛው ደም መጣጩን የሚዋጋ ነው። የትኛው ውክልና ይበልጥ ነጻ ያወጣል? ለምን?

2. ቤኪ ሱቋን ሳትሸጥ ብትቀር ኖሮ ታሪኩ እንዴት ይሄድ ነበር? ፊልሙ ለሻጮች የፈረደው ፍርድ ትክክል ነውን?

3. ታሪኩ በሪታ ዓይን ቢነገር ምን ይለወጥ ነበር? ሦስት ትዕይንቶች መርጣችሁ እንደ ገና ጻፉ።

4. በልጅነታችሁ ከሰማችኋቸው ተረቶች ውስጥ ሰው የሚበላው ማን ነበረ? ያ ሰው በሠፈራችሁ ምን ይሠራ ነበር? መሬትስ ነበረውን?

አራተኛውን ጥያቄ እያንዳንዳችን አያትና ጎረቤት ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ ይዘን ብንመጣ ውይይታችን ከፊልሙ የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ ይመስለናል።